ሞተሩ እየነደደ መኪናው ሲቆም፦ አላቃቂ ፕሮቲኖችና በካንሰር የሚመነምነው ጡንቻ

ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሚወስደው ጎዳና፣ የጎተራው መንገድ ከሚገናኝበት ከወሎ ሰፈር ላይ፣ በሥራ መውጫ ሰዓት ታክሲዎች ተጨናንቀው ይቆማሉ። ከሾፌሮቹ አንዱ ፍሪሲዮኑን እንደረገጠ ነዳጅ ቢሰጥ የሚሆነውን አንባብያን ያውቁታል። ሞተሩ ያጓራል፣ ነዳጁ ይቃጠላል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ጎማው ግን ንቅንቅ አይልም። ሞተሩና ጎማው ተላቅቀዋልና። በሕዋሳችን ውስጥም የዚህን ፍሪሲዮን ሥራ የሚሠሩ ፕሮቲኖች አሉ። የካንሰር ሕሙማን ጡንቻ የሚመነምነው በእነርሱ ምክንያት ይሆን? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንን ጥያቄ ነው።

አስቀድመን ስለ በሽታው ጥቂት እንበል። ካንሰር ሲጸናበት ሰው ይከሳል። ጠያቂም አጥሚትና ገንፎ ይዞ ይመጣል፤ ታማሚው ጥቂት ቀምሶ ሲተወው ደግሞ አንዳንዱ «በደንብ ብታበሉት ኖሮ እንዲህ ባልሆነ» እያለ አስታማሚዎችን ይወቅሳል። ይህ ወቀሳ ከሳይንሱ ጋር አይስማማም። ሐኪሞች ይህን ክሳት ካኬክሲያ ይሉታል፤ ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «መጥፎ ሁኔታ» እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የዘርፉ ባለሙያዎች በተስማሙበት ፍቺ መሠረት ዋናው ምልክቱ የጡንቻ መጥፋት ነው፤ በተለመደው የምግብ ድጋፍም ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ጤነኛ ሰው ቢራብ ሰውነቱ ቀስ በቀስ ወደ ስብ ዞሮ ጡንቻውን ይቆጥባል። በካኬክሲያ ግን ይህ ቁጠባ ይፈርሳል።

እርግጥ ሁለቱ የሚደባለቁበት ጊዜ አለ። በአርሲና በባሌ ጎልቶ የሚታየውን የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር እንውሰድ። ዕጢው የምግቡን መንገድ ስለሚዘጋ ታማሚው በአንድ በኩል ይራባል፣ በሌላ በኩል ዕጢው ራሱ ሰውነቱን ያውካል። ለእንዲህ ያለው ታማሚ የመመገቢያ መንገድ መክፈት የግድ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

አሁን ወደ ማይቶኮንድሪያ እንግባ። የቆቃን ግድብ በዓይነ ኅሊናችን እንሳል። ውሃው ከግድቡ ጀርባ ይጠራቀማል፣ ተርባይኑን አልፎ ሲወርድም ኤሌክትሪክ ያመነጫል። በማይቶኮንድሪያም ከምግብ የሚገኘው ጉልበት ፕሮቶኖችን ከውስጠኛው ሽፋን ባሻገር እየገፋ ያከማቻል፤ ፕሮቶኖቹ በአንድ ኢንዛይም በኩል ተመልሰው ሲገቡም ኤ.ቲ.ፒ. ይሠራል። ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1961 ያቀረበው እንግሊዛዊው ፒተር ሚቸል ለዓመታት ብዙ ተቃውሞ ገጥሞታል፤ በ1978 ግን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጠው። አላቃቂ ፕሮቲን እንግዲህ በግድቡ ላይ እንደተከፈተ ቀዳዳ ነው። ፕሮቶኖቹ ተርባይኑን ሳይነኩ ይፈስሳሉ፤ ጉልበታቸው ሙቀት ሆኖ ይቀራል።

ቀዳዳው ሁልጊዜ ጉዳት ነው ማለት አይደለም። የመጀመሪያው አላቃቂ ፕሮቲን ዩ.ሲ.ፒ. 1 በቡናማ ስብ ውስጥ ይገኛል፤ አራስ ሕፃን ሳይንቀጠቀጥ የሚሞቀው በእርሱ ነው። ልኩ ሲታለፍ ምን እንደሚደርስም ታሪክ አሳይቶናል። በ1930ዎቹ ዳይናይትሮፌኖል የተባለ ኬሚካል በአሜሪካ ለማክሳት ይሸጥ ነበር። እርሱም ያንኑ ፕሮቶን የማፍሰስ ሥራ ስለሚሠራ ከተጠቃሚዎቹ መካከል ሰውነታቸው ከልክ በላይ ግሎ የሞቱ ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1997 ዩ.ሲ.ፒ. 2 እና ዩ.ሲ.ፒ. 3 ተገኙ። ሦስተኛው በአብዛኛው የሚገኘው በአጥንት ላይ በተጣበቀው ጡንቻ ውስጥ በመሆኑ የካኬክሲያ ተመራማሪዎችን ቀልብ ወዲያው ሳበ። በ1998 ዕጢ ባለባቸው አይጦች ጡንቻ ውስጥ የሁለቱም ጂኖች መልእክተኛ አር.ኤን.ኤ. ከፍ ብሎ ተገኘ። በ2002 ደግሞ የሆድ ዕቃ ካንሰር ይዟቸው ክብደት በቀነሱ ሰዎች ጡንቻ ውስጥ የዩ.ሲ.ፒ. 3 መልእክት ጨምሮ ታየ። ፍሪሲዮኑ የተገኘ መሰለ።

ነገር ግን እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። ዩ.ሲ.ፒ. 3 በጾም ጊዜም ይጨምራል! በሚጾም አካል የጉልበት ወጪው ይቀንሳል እንጂ አይበዛም። በጾም ጊዜ ከስብ የሚለቀቁት ቅባት አሲዶች በደም ውስጥ ይበዛሉ፤ ጂኑን የሚቀሰቅሱትም በአብዛኛው እነርሱ ናቸው። ክብደት የሚቀንስ የካንሰር ታማሚም ስቡ እየቀለጠ ነው። እንግዲህ የጂኑ መጨመር የክሳቱ ምክንያት ሳይሆን ውጤቱ ሊሆን ይችላል። በ2000 ዩ.ሲ.ፒ. 3 የሌላቸው አይጦች ሲፈጠሩም ብዙዎች እንደጠበቁት አልወፈሩም፣ የሰውነታቸው ሙቀትም አልወረደም። በዚያ ላይ መልእክቱ በዛ ማለት ፕሮቲኑ በዛ፣ ፕሮቶንም ፈሰሰ ማለት አይደለም። በእኛ አስተያየት ዩ.ሲ.ፒ. 3 ተጠርጣሪ እንጂ ጥፋቱ የተረጋገጠበት አይደለም።

ዩ.ሲ.ፒ. 1 በበኩሉ ሳይታሰብ ወደ መድረኩ ተመልሷል። በ2014 የወጡ የአይጥ ጥናቶች በካኬክሲያ ጊዜ ነጩ ስብ የቡናማውን ጠባይ ይዞ ጉልበት ማቃጠል እንደሚጀምር አሳይተዋል።

ጡንቻውን ራሱን የሚያፈርሰው ግን በዋናነት ሌላ መሣሪያ ነው። ሕዋሱ የሚጣሉ ፕሮቲኖችን ዩቢኩዊቲን በተባለች ትንሽ ፕሮቲን ምልክት እያደረገ ፕሮቲያዞም ወደሚባለው መፍጫ ይልካቸዋል። ምልክቱን ከሚለጥፉት ኢንዛይሞች ሁለቱ፣ አትሮጂን 1 እና መርፍ 1፣ ጡንቻ ሲመነምን እንደሚበዙ በ2001 ታውቋል። ዕጢው ስኳር አቃጥሎ የሚጥለውን ላክቴት ጉበት መልሶ ስኳር ሲያደርገው ሌላ ኪሳራ ይጨመራል፤ ዕጢው 2 ኤ.ቲ.ፒ. ላተረፈበት ጉበት 6 ይከፍላል።

በሕክምናው በኩል እስካሁን የተሻለ ተስፋ የታየው ከጡንቻው ርቆ፣ ከአንጎል ዘንድ ነው። ጂ.ዲ.ኤፍ. 15 የተባለው ፕሮቲን በብዙ የካንሰር ሕሙማን ደም ውስጥ ይበዛል፤ በአንጎል ግንድ ላይ ሠርቶም የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። ይህን ፕሮቲን የሚያግድ ፖንሴግሮማብ የተባለ መድኃኒት በ187 ሕሙማን ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2024 ወጥቷል። ከፍተኛውን መጠን የወሰዱት በ12 ሳምንት ውስጥ፣ መድኃኒት የሌለበት መርፌ ከተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ ወደ 2.8 ኪሎ ግራም ብልጫ አሳይተዋል። ቀደም ሲል የጠቀስነው ታማሚ አጥሚቱን ቀምሶ የሚተወው በእንዲህ ያለ ምልክት የተነሣ ሊሆን ይችላል።