የኑሮን ሚዛን በክብ መመዘን፦ በከፋዋ ሺሺንዳ የቡድን ውይይት ለሚመሩ

ከ8 እስከ 12 ሰው ይጥሩ። ሁለት ሰዓት ይበቃል። ፍሊፕ ቻርት፣ ማርከር፣ ፕላስተር፣ ለእያንዳንዱ ሰው ነጭ ወረቀትና እርሳስ እንዲሁም አንድ ጣሳ የበቆሎ ፍሬ ያዘጋጁ። ፍሊፕ ቻርት ሺሺንዳ ካጡ ከቦንጋ ያስመጡ።

1. ቀን ይቁረጡ። በጥቅምትና በኅዳር ሰው ቡና ለቀማ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ አይጥሩ። የገበያ ቀንም ይለፉ። በከፋ ዝናቡ ብዙ ነውና ጣሪያ ያለው ቤት ይያዙ።

2. ወንበሮቹን በክብ ይደርድሩ። ባልና ሚስት አራርቀው ያስቀምጡ፤ ጎን ለጎን ከሆኑ አንዱ የሌላውን ፊት እያየ ለኑሮው ነጥብ ይሰጣል።

3. ደንቡን ይናገሩ። «ወረቀቱ የእናንተ ነው፤ ማንም አያየውም።» ሁለት ጊዜ ይድገሙት። የከፋ ቋንቋ፣ ካፊኖኖ፣ ለሚቀናቸው የሚያስረዳ ሰው አስቀድመው ያግኙ።

4. በፍሊፕ ቻርቱ ላይ ትልቅ ክብ ይሳሉና 8 ቦታ ይክፈሉት። ተሳታፊዎችም በየወረቀታቸው ይሳሉ።

5. የክፍሎቹን ስም አብረው ያውጡ። ጤና፣ ቤተሰብ፣ ገቢ፣ ዕረፍት፣ እምነት፣ ትምህርት ብለው ይጀምሩ። ከውጭ የመጡ ቅጾች ለእድርና ለለቅሶ ቦታ የላቸውም፤ እዚህ ግን ብዙ ጉልበትና ገንዘብ የሚሄደው ወደዚያ ነውና አንድ ክፍል ይስጡት። እንሰት መፋቅንና ውኃ መቅዳትን ሴቶቹ ራሳቸው እንደ ሥራ ሳይቆጥሩ ሊያልፉት ይችላሉ። ይጠይቋቸው፤ በክቡ ውስጥ ይግባ። ይህን ደረጃ አያቻኩሉት፤ ክቡ የእነሱን ኑሮ ካልመሰለ ነጥቡ ዋጋ የለውም።

6. ነጥብ ያሰጡ። የክቡ መሃል 0፣ ዳሩ 10 ነው። «ባለፈው አንድ ወር በዚህ ምን ያህል ረክቻለሁ?» ብለው ይጠይቁ። ጽሑፍ ለማይመቸው የበቆሎ ፍሬ ይስጡ፤ በየክፍሉ እስከ 10 ፍሬ ያስቀምጥ። 10 ደቂቃ ጸጥታ ይኑር።

7. ነጥቦቹን በመስመር ያገናኙ። የተሰረጎደው ቦታ ወዲያው ይታያል።

8. ቡና ይቅረብ። አቦሉ እየተጠጣ ሁለት ሁለት ሆነው ይነጋገሩ፤ እያንዳንዱ የፈቀደውን ብቻ ይናገር። አድማጩ ይጠይቅ እንጂ አይምከር። ሽማግሌዎች ካሉ ይህን አስቀድመው በትሕትና ይንገሯቸው።

ጥንቃቄ፦ ድብደባ ወይም ከባድ ሐዘን ከተነሳ በሰው ፊት አይጠይቁ። ሰውየውን ወይም ሴትዮዋን ለብቻ ያነጋግሩ፤ ፈቃደኛ ከሆኑም ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም ከጤና ጣቢያ ጋር ያገናኟቸው።

9. አንድ ክፍል ያስመርጡ። የግድ ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘው መሆን የለበትም፤ ቢሻሻል ሌሎቹን የሚያነሳው ይሻላል።

10. ለዚያ ክፍል አንድ ትንሽ እርምጃ ያስጽፉ። ቀንና አጋዥ ይኑረው፦ «ማክሰኞና ዓርብ ውኃውን ወንዱ ልጄ ይቀዳል።» «ዕረፍት አደርጋለሁ» የሚለውን አይቀበሉ።

11. ወረቀቶቹን አይሰብስቡ። ከ4 ሳምንት በኋላ የምትገናኙበትን ቀን ሳይቆርጡም ሰዉን አይበትኑ።