ስለ ጠጕር ቅባት

ነፋስና የቀትር ፀሐይ ጠጕርን ያደርቃሉ። በሁሩታ እናቶቻችን ለጋ ቅቤ የሚቀቡትም ያለ ምክንያት አይደለም። ቅቤ በ35 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ የሰውነታችን ሙቀት ይበቃዋል፤ ቀልጦም ጠጕሩን ሸፍኖ ርጥበቱን ይጠብቃል፤ መሰባበሩንም ይቀንሳል። ነገር ግን ጠጕር የሚበቅለው ከሥሩ ነውና ቅባት ያሳድገዋል ማለት ስሕተት ነው።

ስንመርጥ ጨውና ቅመም ያልገባበት፣ ያልቆየ ቅቤ እንምረጥ። የጉሎ ዘይት ወፍራም ስለሆነ፣ ታጥቦ ገና ርጥብ ባለ ጠጕር ላይ ጥቂት ጠብታ ይበቃል። የጉሎ ፍሬ ግን ብርቱ መርዝ አለበት፤ ስለዚህ የተጣራውን ዘይት እንግዛ እንጂ ፍሬውን በቤት አንውቀጥ፤ ከሕፃናትም እናርቀው።

እኔ እንደሚመስለኝ፣ ቅቤ ተቀብታ ወደ ክፍል የምትገባ እኅታችን የሚገባት መከበር እንጂ መሳለቂያ መሆን አይደለም። የተቀባችው የእናቶቻችንን ዕውቀት ነውና።