ከከባድ ቀዶ ሕክምና በኋላ፦ ሕመምን ስለ መናገርና ዕረፍትን በጽሑፍ ስለ መያዝ



በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በሥራ ላይ ሳሉ የትርፍ አንጀት፣ የሐሞት ከረጢት፣ የአጥንት ስብራት ወይም የማዋለጃ ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው ዜጎች አሉ። ብዙዎቹ ሕመማቸውን ችለው ዝም ይላሉ። ቻይነት በአገራችን የሚመሰገን ጠባይ ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን ይጎዳል። ቁስሉ የሚያመው ሰው በረጅሙ አይተነፍስም፣ አክታውን አይስልም፣ ከአልጋው አይነሣም። ይህም ለሳንባ ምችና በእግር ደም ሥር ውስጥ ለሚፈጠር የደም መርጋት ያጋልጠዋል። ማስታገሻ የሚሰጥዎ እንዲመችዎ ብቻ ሳይሆን እንዲንቀሳቀሱም ነው።

ነርሷ ሕመምዎን ከ0 እስከ 10 ባለው ቁጥር እንዲገልጹ ስትጠይቅዎ፣ በተኙበት የሚሰማዎትን ብቻ ሳይሆን ሲያስሉና ሲነሡ የሚሰማዎትንም ይንገሩ። ቋንቋ ካስቸገረዎ ቁጥሩን በጣትዎ ያሳዩ፤ በዓረብኛ «ዒንዲ ወጀዕ» ማለት «ሕመም አለብኝ» ማለት ነው። ከበረታ በኋላ ማስታገሱ ስለሚከብድ እስኪበረታ አይጠብቁ። ቁስሉ ሆድዎ ላይ ከሆነ ሲያስሉ ትራስ በላዩ ደግፈው ይያዙ።

ከሆስፒታል ሲወጡ ስለ መድኃኒቱ ይጠንቀቁ። ፓናዶልና አዶል በስም ቢለያዩም ሁለቱም ፓራሲታሞል ናቸው፤ ደርቦ መውሰድ ጉበትን ይጎዳል። ለጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከፍተኛው መጠን 4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራም 8 ፍሬ ነው፤ ሐኪም ያነሰ ካዘዘ ትእዛዙን ይከተሉ።

ትራማዶልን በተመለከተ አጥብቀን እናሳስባለን። በዚህ አገር ጥብቅ ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ነው። ጓደኛ በቅንነት ያካፈለችዎ ወይም ከአገር ቤት በሰው እጅ የተላከልዎ ፍሬ፣ በስምዎ የተጻፈ ማዘዣ ከሌለዎ፣ ለእስር ሊዳርግዎ ይችላል። ማዘዣዎን ከመድኃኒቱ ጋር አብረው ያስቀምጡ።

ዕረፍትን በተመለከተ፣ የቤት ሠራተኛ ከሆኑ በ2022 የወጣው ሕግ ቁጥር 9 በውል ዓመቱ እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ ይሰጥዎታል፤ የመጀመሪያዎቹ 15 ቀናት ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልባቸው ሲሆኑ የቀሩት 15 ያለ ደመወዝ ናቸው። በኩባንያ ተቀጥረው የሙከራ ጊዜዎን ከጨረሱ ደግሞ በ2021 በወጣው ሕግ ቁጥር 33 መሠረት በዓመት እስከ 90 ቀን ያገኛሉ፤ 15ቱ በሙሉ ደመወዝ፣ 30ው በግማሽ፣ 45ቱ ያለ ደመወዝ። ለአሠሪዎ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ማሳወቅ ይኖርብዎታል።

ሁለቱም የሚጸኑት በሐኪም ማስረጃ ነው። ስለዚህ ከመውጣትዎ በፊት ሐኪሙ የዕረፍቱን ቀን ብዛት ብቻ ሳይሆን የተከለከሉትን ሥራዎች ጭምር፣ ለምሳሌ ምንጣፍ ማንሣትን ወይም ሕፃን መሸከምን፣ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ። በሆድ ላይ ከተደረገ ትልቅ ቀዶ ሕክምና በኋላ ከባድ ዕቃ ለሳምንታት አይነሣም፤ «ሐኪሙ ከልክሎኛል» የሚል ቃል ግን ያለ ወረቀት እምብዛም አይሰማም። ኮፒውን በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ለሚያምኑት ሰው ይላኩ።

በማስታገሻ ደንዝዘው ሳሉ የሥራ መልቀቂያም ሆነ የደመወዝ ደረሰኝ አይፈርሙ። «ነገ አነበዋለሁ» ማለት መብትዎ ነው።

ትኩሳትዎ ከ38 ዲግሪ ካለፈ፣ ቁስሉ ከቀላ ወይም መግል ከያዘ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂዱ፤ አንድ እግርዎ ብቻ ካበጠም እንዲሁ። ትንፋሽ ካጠረዎ ወይም ደረትዎን ከወጋዎ የአሠሪዎን ፈቃድ ሳይጠብቁ በ998 አምቡላንስ ይጥሩ።