የመኪናዎን ድምፅ ለማሻሻል ከፊት በሮች ይጀምሩ

በአዲስ አበባ መንገዶች ከሚመላለሱት ቪትዝና ኮሮላዎች ብዙዎቹ ሞተራቸው ገና ጤነኛ ነው፤ ድምፃቸው ግን አርጅቷል። ፋብሪካው የገጠማቸው ስፒከሮች አብዛኛውን ጊዜ የወረቀት ናቸው። ፀሐይና እርጥበት ሲፈራረቅባቸው ወረቀቱ ይላላል፣ ዙሪያውን የያዘውም ስፖንጅ ይሰነጠቃል። ባለቤቱ መፍትሔ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚገዛው ትልቅ ሳብውፈር (የቤዝ ስፒከር) ይሆንና መኪናው ይንቀጠቀጣል፤ ዘፋኙ የሚለው ግን አይሰማም።

ለጀማሪ የሚበጀው ቅደም ተከተል የዚህ ተቃራኒ ነው። መጀመሪያ የፊት በር ስፒከሮች፣ ቀጥሎ በሩን መድፈን፣ ከዚያ ቴፕ፣ አምፕሊፋየር፣ በመጨረሻ ሳብውፈር። ከየደረጃው በኋላ ለጥቂት ቀናት ያዳምጡ። ድምፁ ካረካዎት እዚያው ያቁሙ፤ ቀሪው ገንዘብ የእርስዎ ነው።

ደረጃ 1፦ ያለዎትን ይለዩ

በቴፑ ላይ ቤዝና ትሬብል ዜሮ ላይ ያድርጉ። ድምፁን ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ፊትና ኋላ እየወሰዱ እያንዳንዱን ስፒከር ለብቻው ይስሙ። ከበሮ ዝቅተኛውን ድምፅ፣ ማሲንቆና የሰው ድምፅ መካከለኛውን፣ ጽናጽል ከፍተኛውን ይፈትናሉ። በበገና ሲፈትኑ ግን ይጠንቀቁ፤ የሚነዝረው ድምፅ በጅማቱና በመሣሪያው መካከል ከሚገባው እንዚራ የሚመጣ የበገናው ጠባይ ነው፤ ስፒከሩ ተቀዷል ብለው አይፍረዱ። የሚያዳምጡት ፋይልም ጥሩ ይሁን፤ በጣም የተጨመቀ ዘፈን በውድ ስፒከር ጉድለቱ ይበልጥ ይጋለጣል።

ደረጃ 2፦ ስፒከር ሲገዙ አራት ነገር ይዩ

አንደኛ፣ ልኩን። በብዙ ቶዮታዎች የፊት በር 6.5 ኢንች ስፒከር ይገባል፤ ቢሆንም ዙሪያውንም ጥልቀቱንም ሳይለኩ አይግዙ። ሁለተኛ፣ 4 ኦም መሆኑን። ከዚያ ያነሰ ኦም ያለው ስፒከር ቴፑን ያግላል፤ ሊያቃጥለውም ይችላል። ሦስተኛ፣ ዋቱን። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው «1000 ዋት» ለገበያ ነው፤ የሚጠቅምዎ «አርኤምኤስ» ተብሎ የተገለጸው፣ ስፒከሩ ሳይቋረጥ የሚሸከመው ኃይል ነው። አራተኛ፣ በዴሲቤል የሚገለጸውን ሴንሲቲቪቲ። ይህ ቁጥር በ3 ዴሲቤል ባነሰ ቁጥር ያንኑ ጩኸት ለማግኘት እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። አምፕሊፋየር ለሌለው መኪና 90 እና ከዚያ በላይ ይምረጡ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገጥም ሰው ትዊተሩ (ከፍተኛውን ድምፅ የሚያወጣው ትንሽ ስፒከር) መሐሉ ላይ የተቀመጠለትን ኮአክሲያል ስፒከር ይውሰድ፤ አገጣጠሙ ቀላል ነው።

ደረጃ 3፦ በሩን ይክፈቱ

ባትሪውን ከመንቀልዎ በፊት መስታወቱን እስከ ታች ያውርዱ። የአዲሱ ስፒከር ማግኔት መስታወቱን ይነካ እንደሆነ ማየት የሚቻለው መስታወቱ ታች ሲሆን ነው። ከዚያ በ10 ቁልፍ የባትሪውን ኔጌቲቭ ይንቀሉና ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። ቢጫ ሶኬት ካዩ አይንኩት፤ አብዛኛውን ጊዜ የኤርባግ ነው።

የበሩ ፓኔል ብሎኖች ከእጀታው ጀርባና ከመያዣው ሥር ይደበቃሉ። እነሱን ከፈቱ በኋላ ፓኔሉን ከታች ጀምረው በፕላስቲክ መፈልቀቂያ ያላቁ፤ በካቻቢቴ ከሆነ ቀለሙም ክሊፑም ይጎዳል። በአንዳንድ ቶዮታዎች ስፒከሩ በብሎን ሳይሆን በሪቬት የታሰረ ስለሆነ ሪቬቱን በጥንቃቄ መሰርሰር ያስፈልጋል። አዲሱን ስፒከር ከበሩ ጋር የሚያገናኝ የፕላስቲክ ወይም የእንጨት ቀለበት ይጠቀሙ፤ ማግኔቱንም ከመስታወቱ ያርቀዋል።

ሽቦውን ሲያገናኙ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭን አይለዋውጡ። ከሁለት ስፒከሮች አንዱ ከተገለበጠ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ቤዙም ይጠፋል። ከተጠራጠሩ የ1.5 ቮልት ድንጋይ ለቅጽበት ያስነኩ፤ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ሲገናኝ የስፒከሩ ወረቀት ወደ ውጭ ይወጣል።

ደረጃ 4፦ በሩን ይድፈኑ

ብዙ ሰው የሚዘለው፣ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ግን ይህ ነው። ስፒከር ወደ ፊትም ወደ ኋላም ድምፅ ያወጣል። በሩ ቀዳዳ ከሆነ ሁለቱ ተገናኝተው ይጣፋሉ፤ በተለይ ቤዙ። ቆርቆሮውን በአልኮል ያጽዱና ከስፒከሩ ጀርባ ያለውን ቦታ አሉሚኒየም ፊት ባለው የቢውታይል ሉህ በደንብ ተጭነው ይሸፍኑ፤ ትልልቅ ቀዳዳዎችንም ይዝጉ። ለጣሪያ የሚሸጠው የሬንጅ ሉህ ግን በሙቀት ይቀልጣል፣ ይሸታልም። በበሩ ሥር ያሉትን ትንንሽ የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎች በፍጹም አይድፈኑ፤ የክረምት ዝናብ መውጫ ካጣ በሩ ይዝጋል።

ደረጃ 5፦ ቴፑን ይቀይሩ

ከጃፓን መጥተው መሪያቸው የተቀየረ መኪኖች ባለቤቶች የሬዲዮውን ችግር በደንብ ያውቁታል። የቆዩ የጃፓን ሬዲዮኖች የሚይዙት ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ነው። ስለዚህ ፋና 98.1ም ሸገር 102.1ም አይገቡም። የሚገዙት ቴፕ እስከ 108 የሚደርስ ይሁን፤ ወደፊት አምፕሊፋየር ካሰቡ ደግሞ ድምፁን ወደ እሱ የሚያስተላልፍ የአርሲኤ መውጫ ይኑረው።

የቶዮታ የቴፕ ቦታ ስፋቱ 20 ሴንቲሜትር ገደማ ሲሆን የብዙ ቴፖች 18 ነው፤ ክፍተቱን የሚሞላ ፍሬም ይግዙ። የፋብሪካውን ሶኬት ቆርጠው አይጣሉ፤ ለመኪናዎ የተሠራ መቀየሪያ ሶኬት አለ። በተለመደው የቴፕ ሽቦ ቀለም ቢጫው ከባትሪ ቋሚ መብራት፣ ቀዩ ከቁልፍ፣ ጥቁሩ ግራውንድ ነው። ነጭ የፊት ግራ፣ ግራጫ የፊት ቀኝ፣ አረንጓዴ የኋላ ግራ፣ ሐምራዊ የኋላ ቀኝ ስፒከር ሲሆን ጥቁር መስመር ያለበት ኔጌቲቭ ነው። ያም ሆኖ በቴስተር ሳያረጋግጡ አያገናኙ።

የኤሌክትሪክ መኪና ካለዎት ስክሪኑ ከመኪናው አሠራር ጋር የተሳሰረ ስለሆነ አይንኩት፤ በስፒከርና በበር ድፈና ይወሰኑ። ወደ ብርቱካናማ ኬብሎች አይቅረቡ፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ አለባቸው።

ደረጃ 6፦ አምፕሊፋየር

«4 በ50 ዋት» የሚል ቴፕ በተግባር ሳያዛባ የሚሰጠው ለአንድ ስፒከር ከ15 እስከ 20 ዋት ገደማ ነው። ድምፁን ሲጨምሩ የሚሻክረው ከዚህ የተነሣ ነው። በአንድ ስፒከር 50 ዋት አርኤምኤስ የሚሰጥ ባለ አራት ቻናል አምፕሊፋየር ለትንሽ መኪና ይበቃል።

ፊውዙ ከባትሪው ከ45 ሴንቲሜትር ባልራቀ ቦታ ይገጠም፤ ያለ እሱ ሽቦው ተልጦ ቆርቆሮ ቢነካ መኪናው ሊቃጠል ይችላል። አምፔሩም በመመሪያው መሠረት ይሁን። ለዚህ ዓይነቱ አምፕሊፋየር 8 ጌጅ፣ ማለትም 8 ሚሊሜትር ስኩዌር ገደማ የመዳብ ሽቦ ይጠቀሙ። ሽቦውን ቧጨር ያድርጉት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። የግራውንዱ ሽቦ እኩል ውፍረት ያለውና አጭር ሆኖ፣ ቀለሙ ተፍቆ ከተገለጠ ብረት ጋር በብሎን ይታሰር። የኃይል ሽቦው በአንድ ወገን፣ የአርሲኤው ሽቦ በሌላው ይለፍ፤ አለዚያ ነዳጅ በረገጡ ቁጥር ፉጨት ይሰማሉ።

ደረጃ 7፦ ያስተካክሉ

የአምፕሊፋየሩን ጌይን ዝቅ ያድርጉ፤ ቴፑን የድምፁ ሦስት አራተኛ ላይ ያቁሙ። ከዚያ ጌይኑን ቀስ እያሉ ከፍ አድርገው ድምፁ መሻከር ሲጀምር ትንሽ ይመልሱ። የበር ስፒከሮቹ ከ80 ኸርዝ በታች ያለው እንዳይደርሳቸው ሃይ ፓስ ፊልተሩን ያብሩ። ያን ጊዜ የዘፋኙ ቃል ይጠራል፤ ስፒከሩም ዕድሜው ይረዝማል።

ደረጃ 8፦ አሁንም ቤዝ ካነሰ ብቻ

በቪትዝ ልክ ላለ መኪና በዝግ ሳጥን ውስጥ ያለ የ8 ወይም የ10 ኢንች ሳብውፈር ከበቂ በላይ ነው። ለእሱ ተጨማሪ ቻናል ያለው አምፕሊፋየር ወይም የራሱ አምፕሊፋየር ያለው ሳጥን ያስፈልጋል። ከፍ ያለው ድምፅ እንዳይደርሰው ሎው ፓስ ፊልተሩን 80 ኸርዝ ላይ ያድርጉት። ሳጥኑን ከመኪናው ወለል ጋር አጥብቀው ይሰሩት፤ በድንገተኛ ፍሬን ያልታሰረ ሳጥን ሰው ይጎዳል።

በመጨረሻም ጆሮዎን ያስቡ። በቀን ለስምንት ሰዓት 85 ዴሲቤል መስማት የጉዳት መጀመሪያ ተደርጎ ይወሰዳል፤ ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥር ጊዜው በፍጥነት ያጥራል። የአምቡላንስ ጩኸት የማያሰማ ሙዚቃም ለማንም አይበጅም። ገንዘብዎ ለአንድ ሥራ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሁሉንም በሁለቱ የፊት በሮች ላይ ያውሉት፤ በደንብ የተደፈነ በር ላይ የተገጠመ መካከለኛ ስፒከር፣ በቀዳዳ በር ላይ ከተሰቀለ ውድ ስፒከር ይበልጣል።