ፕሌትሌት እያለቀ ደም ለምን ይረጋል?

መጀመሪያ ግራ የሚያጋባውን እንያዝ። ፕሌትሌት የምንላት ደቃቅ የደም አካል ሥራዋ የተጎዳ ሥር ላይ ተሰብስባ ደም ማስቆም ነው። በጤነኛ ሰው አንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ትደርሳለች፤ ስታንስ የምንፈራው መድማትን ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ግን አውሮፓ ውስጥ የአስትራዜኔካን የኮቪድ ክትባት ከወሰዱ ጥቂት ሰዎች ላይ ተቃራኒው ታየ፤ ፕሌትሌታቸው አሽቆልቁሎ ሳለ የአንጎላቸው ደም መላሽ ሥር በረጋ ደም ተዘጋ። አገራችን በየካቲት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ የተረከበችው 2.2 ሚሊዮን ገደማ ዶዝ ይኸው ክትባት ስለነበር ጥያቄው የእኛም ነው።

ምክንያቱን ቀስ ብለን እንከተል። ፕሌትሌት ፒኤፍ4 የሚባል ፕሮቲን በውስጧ ይዛ ትዞራለች፤ ስትነቃ ትለቀዋለች። ክትባቱ የኮቪድን መረጃ ወደ ሕዋስ የሚያደርሰው ደግሞ እንዳይራባ በተደረገ አዴኖ ቫይረስ ነው። በጣም ጥቂት ሰዎች ላይ ሰውነት የሚያመርተው ፀረ እንግዳ አካል ዒላማውን ስቶ የራስን ፒኤፍ4 ይይዛል። ሁለቱ ተቆላልፈው ፕሌትሌት ላይ ሲጣበቁ ያነቋታል፤ እሷም ተጨማሪ ፒኤፍ4 ትለቃለች፣ ሌሎቹም ይነቃሉ። ቁጥሩ የሚወርደው እንግዲህ ምርቱ ስለቆመ አይደለም፤ ጎተራው የጎደለው እህሉ ተፈጭቶ ነው፣ ዱቄቱም የረጋው ደም ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ቀናት ይፈልጋል፤ ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ከ5ኛው እስከ 30ኛው ቀን ባለው ጊዜ ይታያል። በማግስቱ የሚመጣው የተለመደ ትኩሳት ሌላ ነገር ነው።

ኮቪድ ራሱስ? እሱም ደም ያረጋል፣ ያውም ከክትባቱ እጅግ በበዛ ሰው ላይ። መንገዱ ግን በዋናነት ሌላ ነው፤ ብግነቱ የደም ሥርን ውስጠኛ ግድግዳ ይጎዳል። ሁለቱን በአንድ ስም ጠቅልሎ ማውራት ብዙ ሰው አሳስቷል ብዬ አምናለሁ።

እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። በ2023 አሜሪካ ውስጥ፣ ክትባት ሳይሆን ተራ የአዴኖ ቫይረስ ጉንፋን በያዛቸው ሕመምተኞች ላይ ያው በሽታ ተገኘ። በ2024 የአውስትራሊያና የካናዳ ተመራማሪዎች የሁለቱን ወገን ፀረ እንግዳ አካል ሲያነጻጽሩ አሻራው አንድ ዓይነት ሆነ። ስለዚህ ጣት የሚቀሰረው ወደ አዴኖ ቫይረሱ ነው። ፋይዘርና ሞደርና ይህ ቫይረስ የለባቸውም።

ሐኪም ደም ሲረጋ ቶሎ የሚያስበው ሄፓሪንን ነው። ሄፓሪን ግን በአንዳንድ ሰው ላይ ራሱ ፒኤፍ4ን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ስለሚቀሰቅስ፣ እዚህ ሌላ የደም ማቅጠኛ ይመረጣል፤ ኢሚዩኖግሎቡሊንም በደም ሥር ይሰጣል። ከጉንፋን በኋላ ብርቱ ራስ ምታት የያዘው፣ ፕሌትሌቱም የወረደ ሰው «ክትባት አልወሰድኩም» ቢልም የፒኤፍ4 ምርመራ ሊታዘዝለት ይገባል።