ስክሪንን አስተካክሎ መጠቀም ከስህተት ያድናል

በሂሳብ ሥራ ላይ 3ን ወይም 6ን 8 ብሎ ማንበብ ቀላል ስህተት አይደለም። በዋጋ ማቅረቢያ ላይ አንዲት አሃዝ ብትሳሳት የአንድ ወር ትርፍ ይዛ ልትሄድ ትችላለች። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ በሂሳብ ሠራተኛው ላይ ይላከካል። ይሁን እንጂ በትክክል ያልተስተካከለ የኮምፒዩተር ስክሪንም የስህተቱ ምንጭ ሊሆን ይችላል።

ጠፍጣፋ ስክሪን ቁጥራቸው የተወሰነ ፒክስል የሚባሉ የብርሃን ነጠብጣቦች አሉት። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጠብጣብ ይይዛል። ፊደሉ አነሰ ብሎ ሪዞሉሽኑን ወደ 1366 በ768 ዝቅ ማድረግ የተለመደ ነው። ፊደሉ በእርግጥ ይተልቃል፤ ነገር ግን አንዱ የምስል ነጥብ በ1.4 ነጠብጣብ ላይ እንዲያርፍ ስለሚገደድ ጠርዙ ይደበዝዛል። በአማርኛ ጽሑፍ ጉዳቱ ይብሳል፤ «ሉ»ን ከ«ሊ» የሚለየው የአንዲት አጭር ቅጥያ ቦታ ብቻ ነውና።

በዊንዶውስ የሚሠራ ሰው የዲስፕሌይ ማስተካከያውን ከፍቶ፣ ከሪዞሉሽኖቹ ዝርዝር ውስጥ «የሚመከር» የሚል ምልክት ያለበትን መምረጥ ይኖርበታል። ፊደል ማጉላት ካስፈለገ ስኬል የሚባለውን ወደ 125 ወይም 150 በመቶ ከፍ ማድረግ ነው። በዚህ መንገድ ጥራቱ አይጓደልም።

የቀድሞዎቹ ባለቱቦ ስክሪኖች በ60 ኸርዝ ስለሚርገበገቡ 75 ወይም 85 ይመረጥላቸው ነበር። ለጠፍጣፋ ስክሪን ግን 60 ኸርዝ ለቢሮ ሥራ ይበቃል። ለጨዋታ ተብሎ ለተሠራ 144 ኸርዝ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት ለሂሳብ ሠራተኛ የሚሰጠው ጥቅም አነስተኛ ነው።

የብርሃኑን ልክ ለማወቅ ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ አጠገብ ይያዛል። ስክሪኑ እንደ መብራት ካበራ ይቀነሳል፤ ግራጫ ከመሰለ ይጨመራል። ስክሪኑ ከዓይን ከ50 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ የላይኛው ጠርዙ ከዓይን ትይዩ ወይም ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ መስኮቱም በጎን በኩል ቢሆን ይመረጣል።

ያገለገለ ስክሪን የሚገዛ ነጋዴም ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት በትክክለኛው ሪዞሉሽን የራሱን የሂሳብ ሰንጠረዥ ከፍቶ ቁጥሮቹን ያንብብ። ቀጥሎም ሙሉ ነጭና ሙሉ ጥቁር ገጽ አሳይቶ የሞተ ነጠብጣብ አለመኖሩን ይመልከት። በቪጂኤ ገመድ የደበዘዘ ምስል በኤችዲኤምአይ ሊጠራ ስለሚችል ገመዱንም መለወጥ አይከፋም።

ማስተካከያው ጥቂት ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ ወጪም የለውም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና የሚቀጥለው ደረሰኝ ከመዘጋጀቱ በፊት ስክሪኑ ቢፈተሽ ይበጃል።