የኤሌክትሪክ ጊታር ንጹሕ ድምፅ እንዴት ይገኛል?

ሙዚቃ የሚማር ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው፥ ከፍ ያለ ድምፅና ንጹሕ ድምፅ አንድ አለመሆናቸውን ነው። የጊታር ድምፅ ንጹሕ ነው የሚባለው ሁለት አውታሮች አብረው ሲመቱ ጆሮ ሁለቱንም ለይቶ ሲሰማ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። ከአውታሮቹ በታች ማግኔትና በዙሪያው የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ አለ። የብረቱ አውታር ሲንቀጠቀጥ በሽቦው ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይነሣል፤ አምፕሊፋየሩም ያንን ያጐላዋል። ከዐቅሙ በላይ ሲጫን ግን የሞገዱን ጫፍ ይቈርጠዋል፤ ያን ጊዜ በአውታሮቹ ላይ ያልነበሩ ድምፆች ይወለዳሉ።

ለምሳሌ ትዝታ ማይነርን ከላ ብንጀምር ላ፥ ሲ፥ ዶ፥ ሚ፥ ፋ ይሆናል። ሚ በሰከንድ 330 ጊዜ፥ ፋ 349 ጊዜ ያህል ቢንቀጠቀጡና ሁለቱ አብረው ከተጫነ አምፕሊፋየር ቢገቡ፥ 311 እና 368 ያህል የሚንቀጠቀጡ ድምፆች ይጨመራሉ። እነዚህ ከትዝታ ቅኝት ውጭ ናቸው።

ጃፓኖችም ይህንኑ አደራደር ያውቁታል፤ ማይነር ዮናኑኪ ይሉታል። የጃፓኑ ሮላንድ ኩባንያ በ1975 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጄሲ 120 የተባለ አምፕሊፋየር በንጹሕ ድምፁ የታወቀ ስለሆነ፥ በዚያ አገር የአልተርናቲቭ ሮክ ተጫዋቾች በሚለማመዱባቸው ስቱዲዮዎች በብዛት ይገኛል። ይሁን እንጂ በሌላ አምፕሊፋየርም በሚከተለው ሥርዓት መሥራት ይቻላል።

አንደኛ፥ ጌይን የተባለውን ማዞሪያ ዝቅ አድርጎ የድምፁን መጠን በሌላው ማዞሪያ ማስተካከል።

ሁለተኛ፥ የወፍራም፥ የመካከለኛና የቀጭን ድምፅ ማዞሪያዎችን እኩሌታ ላይ አቁሞ አንድ በአንድ መሞከር።

ሦስተኛ፥ ድምፁ ከታፈነ ቀጭኑን ለመጨመር ሳይቸኵሉ አስቀድሞ ወፍራሙን መቀነስ።

አራተኛ፥ የገደል ማሚቶ የሚመስለውን ማስተጋቢያ ጥቂት ብቻ መጨመር።

አምስተኛ፥ አውታሩን በቀስታ መምታት፤ ወደ አንገቱ ሲመቱት ይለዝባል፥ ወደ ኋላው ሲመቱት ይቀጥናል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ነው? ጎጃም የዋሸራና የዲማ ቅኔ አገር ነው። በአዝማሪዎቻችንም ግጥም ሰምና ወርቅ አለ፤ አንዲት ፊደል ላልታ ወይም ጠብቃ ስትነበብ ምሥጢሩ ይለወጣል። ጊታሩ ያችን ፊደል ከሸፈናት አድማጩ ሰሙን ይዞ ወርቁን ጥሎ ይሄዳል። ጊታር ቃልን ሳይሸፍን እንዴት እንደሚያጅብ ለመማር የሚፈልግ፥ የአይቤክስና የሮሃ ባንድ ጊታሪስት የነበረውን የሰላም ሥዩምን ሥራዎች ያድምጥ።

እንግዲህ በትምህርት ቤት በዓል ላይ የምትጫወቱ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ ከዝግጅቱ በፊት አንድ ጓደኛችሁን ከመጨረሻው ወንበር አስቀምጡት። ዘፈኑ ሲያልቅ ግጥሙን መልሶ ከነገራችሁ ማዞሪያዎቹን አትንኩ፤ ካልነገራችሁ ግን ከመጨመር ይልቅ ቀንሱ።